ለድሬዳዋ አስተዳደር፦ ገዥ ስላጡት ትልልቅ አውሮፕላኖች ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ያገለገሉ የረጅም ርቀት አውሮፕላኖችን ገዝቶ መሸጥን ይመለከታል

የተከበራችሁ የከተማችን ኃላፊዎች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ወደ ጉዳዩ ቀጥታ ልግባ።

ሰሞኑን ከዚራም፣ ሳቢያንም፣ መጋላም አንድ ወሬ አለ። በርጫ ላይ ይነሳል፤ ሻይ ቤት ይቀጥላል። «ውጭ አገር ትልልቅ አውሮፕላኖች በብረት ዋጋ እየተሸጡ ነው። አምጥተን ኤርፖርታችን ላይ እናቁማቸው። የተፈለገውን እንሸጣለን፤ ያልተሸጠውን ሬስቶራንት እናደርገዋለን።» አንዳንዱ አስተዳደሩ መሬት ይስጥ ይላል። ደፈር ያለው ደግሞ አስተዳደሩ ራሱ ሸሪክ ይሁን ይላል። «እኔ ኮሚሽኔን ብቻ» የሚሉ ሰዎችም ስልክ መደወል ጀምረዋል። ለእኔም ተደውሎልኛል።

እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ድሬ ተወልጄ፣ ድሬ ተምሬ፣ ከዚያ ገልፍ አገር በአንድ የአውሮፕላን መለዋወጫ መጋዘን ለዓመታት ሠርቼ ተመለስኩ። ፓይለት አይደለሁም። ኢንጂነርም አይደለሁም። የእኔ ሥራ ሰነድ ነበር። ዕቃው ከየት መጣ? የማን አውሮፕላን ላይ ነበር? ስንት ጊዜ ተነስቶ አረፈ? ማን ፈረመበት? የምጽፍላችሁ በዚያ ዓይን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የአውሮፕላን ሰዎች ሌላ አያውቁም።

የሐሳቡ አንድ ክፍል ከተማችንን ዕዳ ውስጥ የሚከት ነው። ሌላው ክፍል ግን ለድሬ ልጆች እውነተኛ ሥራ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ሁለቱ ተቀላቅለው መወራታቸው ነው።

መጀመሪያ መኪናን ከጭንቅላታችን እናውጣ። እኛ አገር ያገለገለ መኪና ዋጋው አይወርድም። ሰው ቪትዝ ይገዛል፣ ሦስት ዓመት ይነዳል፣ በትርፍ ይሸጣል። ሐረር ውስጥ በዕድሜ ከሹፌሯ የምትበልጥ ፔዦ 404 ታክሲ ሠርታ ስትገባ አይተናል። ስለዚህ «ያገለገለ» ሲባል ለእኛ የሚታየን ሀብት ነው። አውሮፕላን ላይ፣ በተለይ ረጅም ርቀት እንዲበርር ተብሎ የተሠራው ላይ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አካሉ ደህና ነው። ሞተሩ ደህና ነው። ቀለሙ አልለቀቀም። ገዥ ግን የለም።

የሚገርመው አካሉ ብዙ ጊዜ በእርግጥም ደህና መሆኑ ነው። አውሮፕላንን የሚያደክመው በዋናነት መነሳትና ማረፍ ነው፤ በየበረራው ካቢኑ፣ ማለትም መንገደኛው የሚቀመጥበት ክፍል፣ በአየር ይወጠርና ተመልሶ ይረግባል። የረጅም ርቀቱ አውሮፕላን አንዴ ተነስቶ 13 እና 14 ሰዓት ይበርራል። አጭር መስመር የሚሠራው በዚያው ጊዜ ብዙ ጊዜ ይነሳል፣ ያርፋል። ስለዚህ ትልቁ አውሮፕላን በአሥራ አምስት ዓመቱ ገና ብዙ ዕድሜ ይቀረዋል። ገበያው ግን ዕድሜውን አይጠይቅም። ነዳጁን ነው የሚጠይቀው።

እስቲ ኤርባስ ኤ340-500ን እንውሰድ። በዚህ ጉዳይ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ የለም። ሥራ የጀመረው በ2003 ነው። አራት ሞተር አለው። በጊዜው ከእሱ የበለጠ ርቀት የሚሄድ የመንገደኛ አውሮፕላን አልነበረም። ሲንጋፖር አየር መንገድ በ2004 ከሲንጋፖር ኒውዮርክ አጠገብ እስካለችው ኒውዋርክ ያለ ዕረፍት ማብረር ጀመረበት። ከ15 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 18 ሰዓት ገደማ አየር ላይ! እንዲህ ያለ ጉዞ ላይ አውሮፕላኑ ከሚያቃጥለው ነዳጅ ቀላል የማይባለው የሚሄደው ሌላውን ነዳጅ ለመሸከም ነው። በ2008 በርሜል ነዳጅ 147 ዶላር ገባ። በዚያው ዓመት ሲንጋፖሮች ወንበሩን ሁሉ አወጡና 100 የቢዝነስ ወንበር ብቻ ተከሉበት። 100 ሰው በአራት ሞተር። በ2013 አቆሙት።

አምስቱን አውሮፕላኖች ምን አደረጓቸው? ገበያ አላወጧቸውም። አዲስ አውሮፕላን ሲያዝዙ «እነዚህን መልሰህ ውሰድ» ብለው ከኤርባስ ጋር ተስማሙ። ስሙ ዓለም ያወቀው አየር መንገድ፣ በደንብ የተያዘ ዕቃ ይዞ፣ ገዥ ከመፈለግ ይልቅ ለሠሪው መመለስን መረጠ። መስመሩ በ2018 ሲመለስ ሁለት ሞተር ባለው ኤ350 ነው የተመለሰው።

እንደ ሲንጋፖር ያልተደራደረው ደግሞ የታይላንዱ አየር መንገድ ነው። አራት ኤ340-500 ገዝቶ በ2005 ከባንኮክ ኒውዮርክ ጀመረ። በ2008 ዘጋው። ሎስ አንጀለስ ላይ ሞከራቸው፤ እሱም አላዋጣም። ከዚያ ለሽያጭ ቀረቡ። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ። አውሮፕላኖቹ ሜዳ ላይ ቆመው አረጁ። አንዱን በመጨረሻ የራሷ የታይላንድ አየር ኃይል ወሰደው። ልብ በሉ፤ እነዚህ አውሮፕላኖች ሲቆሙ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላቸውም።

ለምን ገዥ ጠፋ? አንዱ ምክንያት ቁጥር ነው። ኤ340-500 በዓለም ላይ የተሠራው 34 ብቻ ነው። ቦይንግ 737 በሁሉም ሞዴሉ ከ10 ሺህ በላይ ተሠርቷል። 737 የሚሸጥ ሰው በየአህጉሩ አየር መንገድ ያገኛል፤ ፓይለቱ አለ፣ መካኒኩ አለ፣ መለዋወጫው አለ። 34 ብቻ የተሠራ አውሮፕላን የሚገዛ ግን ፓይለቱን እንደገና ማሠልጠን፣ መካኒኩን ማስተማር፣ መለዋወጫ ማከማቸት አለበት። ለሁለት አውሮፕላን ብሎ ይህን ሁሉ ማን ያደርጋል?

«አራት ሞተር ስላለው ነው እንጂ ሁለት ሞተር ቢሆን ይሸጥ ነበር» የሚል አይጠፋም። ግማሽ እውነት አለው። ግን ቦይንግ 777-200 ኤልአርን ተመልከቱ። ሁለት ሞተር ነው፤ ግሩም አውሮፕላን ነው። የእኛው ኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2010 ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው እሱን ነው፤ ዋሽንግተን ድረስ ሲያመላልስ ኖሯል። ይሁንና በዓለም የተሠራው 60 ገደማ ብቻ ነው። ኤር ኢንዲያ ስምንት ገዝቶ አምስቱን በ2013 እና 2014 አካባቢ ለአቡዳቢው ኢትሃድ ሸጠ። የህንድ ዋና ኦዲተር በኋላ በዋጋው ላይ ጠንከር ያለ ወቀሳ አቀረበ። ማለትም ሁለት ሞተር ሆኖ፣ አዲስ ከሚባል ዕድሜ ሳይርቅ፣ ገዥ ተገኝቶም ኪሳራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠሪው አውሮፕላኑ ሩቅ እንዲሄድ ሲል አካሉን ያጠነክራል፣ ነዳጅ መያዣ ይጨምርበታል። ያ ሁሉ ክብደት ነው። ገዥው አዲስ አበባ–ዱባይ ቢመላለስበት እንኳ ያን የማይጠቀምበትን ክብደት ተሸክሞ ነው። ስለዚህ ረጅም መስመር የሌለው አየር መንገድ አይፈልገውም። ረጅም መስመር ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አቅም ያለው ነው፤ አዲሱን ይገዛል። መሃል ላይ ያለው ገዥ በጣም ቀጭን ነው።

አሁን «በነፃ እንኳ ይሰጡናል» የሚለውን ወሬ እንየው። ይቻላል። በጣም ያረጀ አውሮፕላን በብረት ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ። ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ወጪ ደላላው አይነግራችሁም። ትልቁ ምርመራ አለ፤ አውሮፕላኑ እስከ አጥንቱ ተገልጦ የሚታይበት። የሞተር እድሳት አለ፤ የአንዱ ሞተር እድሳት ብቻ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይበላል፤ በአራት አባዙት። ካቢን አለ። የአንዱ አየር መንገድ ወንበር፣ ስክሪንና ኩሽና ለሌላው አይሆንም። የአንድ ትልቅ አውሮፕላን ካቢን መቀየር ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል፤ ወንበሩ እስኪመጣም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ አዋቂ ገዥ አውሮፕላኑ ስንት ነው ብሎ አይጀምርም። እስኪበርርልኝ ድረስ ስንት ያስወጣኛል ብሎ ነው የሚጀምረው። በዚህ ሒሳብ በነፃ የተሰጠው ከተሸጠው ሊወደድ ይችላል።

የኤ380 ነገር ደግሞ የበለጠ ነው። ባለ ሁለት ፎቁ፣ የዓለም ትልቁ የመንገደኛ አውሮፕላን። መጀመሪያ መንገደኛ የጫነው በ2007 ነው፤ ያም ሲንጋፖር አየር መንገድ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመት ሠርተው ኪራያቸው ሲያልቅ ለባለቤቱ ለአንድ የጀርመን የኢንቨስትመንት ፈንድ ተመለሱ። ያኔ የአዲስ ኤ380 ዋጋ በካታሎግ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ባለቤቱ ተከራይ ፈለገ፤ አጣ። ሁለቱ ፈረንሳይ ታርብ ተወስደው ለመለዋወጫ ተፈታትተው ተበለቱ። የአሥር ዓመት ዕቃ! አንድ የፖርቱጋል ድርጅት ከነዚያ ቀደምት አውሮፕላኖች አንዱን በ2018 ተከራይቶ ሞከረ፤ በ2020 መለሰ። እነሱ ያልቻሉትን እኛ ከዚራ ቁጭ ብለን እንችለዋለን? አቦ ተዉን።

አፍሪካም የራሷ ታሪክ አላት። የደቡብ አፍሪካው አየር መንገድ በ2019 መጨረሻ፣ በችግሩ ጊዜ፣ ዘጠኝ ኤ340 ለሽያጭ አቀረበ። ኬንያ በ2016 ሦስት ቦይንግ 777ቶቿን ለቱርክ አከራየች። የዚምባብዌ መንግሥት ከማሌዥያ ያገለገለ 777 ገዝቶ ሐራሬ ካስገባ በኋላ አውሮፕላኑ ከበረረው ይልቅ የቆመው ይበልጣል። የመንግሥት ገንዘብ ያለባቸው ናቸው፤ እናንተም የያዛችሁት የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ግን ከሁሉም በላይ እንድታውቁልኝ የምፈልገው የኩዋላ ላምፑሩን ነው። በታኅሣሥ 2015 የማሌዥያ ዋና ኤርፖርት ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ሦስት ቦይንግ 747 ግቢዬ ውስጥ ቆመዋል፣ ባለቤታቸውን ማግኘት አልቻልኩም፣ በ14 ቀን ውስጥ ካልመጣ እሸጣቸዋለሁ ወይም አስወግዳቸዋለሁ የሚል። ሦስት ጃምቦ ጄት ባለቤት ጠፋቸው! ከማስታወቂያው በኋላ «የእኔ ናቸው» የሚል ድርጅት መጣ። እስከዚያ ግን የማቆሚያ ዕዳው ሲከመር ቆይቷል።

አስቡት። የገዛው ሰው የሚፈልገውን ገዥ ያጣል። ስልኩን ያጠፋል። አውሮፕላኑ አባ ጠና ደጃዝማች ይልማ ኤርፖርት ላይ ቆሞ ይቀራል። ማነው የሚያነሳው? ሲቆምም ዝም ብሎ አይቆምም። ሞተሩ ይሸፈናል፣ እርጥበት መምጠጫ ይደረግለታል፣ ጎማው በየጊዜው ይዞራል፣ ወፍ ጎጆ እንዳይሠራበት ቀዳዳው ሁሉ ይታሸጋል። ይህ ካልተደረገ ዋጋው ወደ ቁርጥራጭ ብረት እየወረደ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሚከፍል ሰው ከሌለ የኤርፖርቱ ዕዳ ይሆናል። ግቢው ደግሞ ለሲቪልም ለአየር ኃይልም ነው፤ የሚባክን ቦታ የለም።

ሌላ ፍርሃት አለኝ። ከጂቡቲ በባቡር መስመር የተገናኘን ነፃ ቀጠና ነን፤ ብዙ ዓይነት ሰው ይመጣል። በታኅሣሥ 2022 አራት ኤ340፣ ድሮ የቱርክ አየር መንገድ የነበሩ፣ ከጆሃንስበርግ ተነሱ። መድረሻቸው ኡዝቤኪስታን ተብሎ ነበር የተመዘገበው። ያረፉት ኢራን ነው። ማዕቀብ ያለበት አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገባ የሸጠው፣ ያስቀመጠው፣ ወረቀቱን ያሳለፈው ሁሉ ይጠየቃል። በዚህ ዓይነት ጉዳይ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ስምህን ካነሳ ባንክ ዶላርህን አያስተላልፍም። ቀጠናው በነሐሴ 2022 ነው የተመረቀው፤ ስሙ ገና እየተሠራ ነው። አንድ አውሮፕላን ያበላሸዋል። ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይባል የለ? ገዥውንም ሻጩንም ማን እንደሆነ ሳያጣሩ ቀጠናው በር እንዳይከፍት።

«ዘንድሮ ግን ገበያው ተቀይሯል» የሚሉኝ አሉ። ትክክል ናቸው። ከኮሮና በኋላ መንገደኛው ሲመለስ አዲስ አውሮፕላን ጠፋ። ቦይንግ 777ኤክስ በ2020 ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ ወደ 2027 ተገፋ። ስለዚህ አሮጌ 777-300 ኢአር ተፈላጊ ሆነ። ሉፍታንዛ አቁሟቸው የነበሩትን ኤ380ዎች አስነሳ። ትናንት ገዥ ያጣ ዕቃ ዛሬ ተከራይ አገኘ። ግን ማን ተጠቀመ? ዕቃውን ሥርዓት ባለው ሜዳ፣ በተሟላ እንክብካቤ ያስቀመጠ ነው። ገበያው የሚዞርበትን ዓመት ደግሞ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሠሪዎቹ ራሳቸው አላወቁትም። የከተማ በጀት እንዲህ ባለ ነገር ላይ አይቀመጥም።

ብልጦቹ ሌላ መንገድ አላቸው፤ አሮጌውን አይሸጡትም፣ ዕቃ ጫኝ ያደርጉታል። ኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2021 ከእስራኤሉ የአውሮፕላን ኩባንያ ከአይኤአይ ጋር የተስማማው ለዚህ ነው፤ 767-300ን ከመንገደኛ ወደ ጭነት የሚቀይር ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ለመክፈት። ወንበሩ ይወጣል፣ ትልቅ የጭነት በር ይቆረጥለታል፣ ወለሉ ይጠናከራል፤ አሮጌው መንገደኛ ጫኝ ሌላ ብዙ ዓመት ይሠራል። በነገራችን ላይ 767 ለእኛ ዕዳ አለበት፤ በ1984 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለ ዕረፍት በርሮ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የርቀት ሪከርድ የሰበረው የእኛው 767 ነበር። ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ የመቀየሩ ሥራ የአዲስ አበባ ነው፤ ሃንጋሩም (የአውሮፕላን መጠገኛው አዳራሽ) ሠራተኛውም እዚያ ነው። እሱን ከአዲስ አበባ እንቀማ አልልም።

ታዲያ ለድሬ ምን ይቀራል? ማቆምና መበለት። የእኔ ነጥብ ይኸው ነው። አውሮፕላኑን መግዛት የሌላ ሰው ራስ ምታት ይሁን። ገዥ ሲያጣ የሚያቆምበትን ቦታ፣ ተስፋ ሲቆርጥ የሚበልትበትን እጅ እኛ እናከራየው።

ስፔን ውስጥ ቴሩኤል የምትባል ከተማ አለች። ትንሽ ናት፤ ከድሬ ጋር በሕዝብ ብዛት አትወዳደርም። በ2013 ኤርፖርቷን ለዚሁ ሥራ ከፈተች። ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኛ 1 ሺህ 160 አካባቢ ነን። ማኮብኮቢያዋ 2.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የእኛ 2.7 ይጠጋል። በኮሮና ጊዜ የአውሮፓ ትልልቅ አየር መንገዶች ኤ340ዎቻቸውንና ኤ380ዎቻቸውን እዚያ ነው ያቆሙት። ቴሩኤል አንድም አውሮፕላን ገዝታ አልሸጠችም። ኪራይ ትሰበስባለች፤ ልጆቿ ሥራ አላቸው።

ግን ልክ እንደ እነሱ ነን ብዬ አላሞኛችሁም። ቴሩኤል ከእኛ ትደርቃለች። እነሱ በዓመት ከ400 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ ያገኛሉ፤ እኛ 600 ገደማ። የበልጉም የክረምቱም አለብን። የደቻቱን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ውሃ እዚህ አገር እንዴት እንደሚመጣ አይነገረውም። አቧራም አለ፤ ሞተር አቧራ አይወድም። የሚሠራው ሜዳ ጠንካራ ወለልና የውሃ መውረጃ ያስፈልገዋል። ሙቀቱም ቀላል አይደለም፤ እኩለ ቀን ላይ ትልቅ አውሮፕላን ለመነሳት ይቸገራል፤ ለዚህ ማለዳ አለ። እነዚህ የሚጠኑ ነገሮች ናቸው። ጥናቱ «አይሆንም» ካለም ይበል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ፤ ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው።

ያረጀ አውሮፕላን ዋጋው አካሉ አይደለም። አልሙኒየሙ ተቆርጦ ሲሸጥ የሚያመጣው ከጠቅላላው ትንሹ ነው። ትልቁ ገንዘብ ሞተሩ ላይ ነው። ቀጥሎ ላንዲንግ ጊሩ (አውሮፕላኑ የሚያርፍበት እግር)፣ ጭራው ውስጥ ያለችው ትንሿ ረዳት ሞተር፣ የኮክፒቱ (የፓይለቱ ክፍል) ኮምፒውተሮች። ግን እነዚህ ሁሉ ዋጋ የሚኖራቸው ሰነድ ካላቸው ነው። በሞተር ውስጥ የሚሽከረከሩ ትልልቅ ዲስኮች የተወሰነ የመነሳትና የማረፍ ቁጥር አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ይጣላሉ። ያ ቁጥር ከተሠሩበት ቀን ጀምሮ ሳይቋረጥ በወረቀት መታወቅ አለበት። አንድ ባለቤት ላይ ተቋርጦ ከሆነ ዲስኩ ቢያብረቀርቅም ቁርጥራጭ ብረት ነው።

በሠራሁበት መጋዘን አንድ ላንዲንግ ጊር መጣ። አዲስ ይመስል ነበር። የአንድ እድሳት ሰነድ ጎደለው፤ አውሮፕላኑን በመሃል ይዞት የነበረው አየር መንገድ ፈርሷል። ደብዳቤ ተጻፈ፣ ተደወለ፣ ሰው ተላከ። የፈረሰ ድርጅት መዝገብ ማን ያወጣዋል? መጨረሻ ላይ ላንዲንግ ጊሩ በኪሎ ተሸጠ። አለቃችን ለሳምንት ሰው አላነጋገረም።

እዚህ ላይ ስለ ባቡራችን ልናገር። ባቡሩ ድሬ የገባው በ1902 ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በሱ ነው። የባቡሩ ወርክሾፕ የእኔ አባትና የብዙዎቻችሁ አባቶች ያደጉበት ነው። መለዋወጫ ከፈረንሳይ ሲዘገይ ራሳቸው ያቀልጣሉ፣ ራሳቸው በቶርኖ ይቀርጻሉ፣ ባቡሩ ይሄዳል። እኛ ድሬዎች የምንኮራበት እጅ ይሄ ነው። አውሮፕላን ላይ ግን ይሄው እጅ ወንጀል ይሆናል። ፈቃድ ሳይኖርህ የቀረጽከው ቡሎን ከዋናው ቢጠነክርም አውሮፕላን ላይ መግባት አይችልም። በ2023 አንድ የለንደን ነጋዴ በተጭበረበረ ሰነድ የሞተር መለዋወጫ ሸጦ፣ በየአገሩ አየር መንገዶች አውሮፕላን አቁመው ሞተር ሲፈትሹ ነበር። ስለዚህ ልጆቻችንን ለዚህ ሥራ ስናዘጋጅ መፍቻ ከመስጠታችን በፊት መዝገብ መያዝ እናስተምራቸው። ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ቁጥሩን አንብቦ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ፈርሞ የሚያስቀምጥ ሰው። ይህ የቢሮ ሥራ ይመስላል። የዚህ ንግድ ዋናው ገንዘብ ያለው ግን እዚያ ነው።

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ቴክኒክና ሙያ ተቋማት አሉ። ኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲና ከአሜሪካም ከአውሮፓም የጥገና ፈቃድ ያለው ክፍል አለው፤ ኤርፖርቶቹንም የሚያስተዳድረው እሱ ነው። እሱ ሳይኖር ይህ ነገር አይነሳም። እናንተ ጠርታችሁ ጠይቁት። ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንንም አብራችሁ። ነፃ ቀጠናው በበኩሉ አንድ ነገር ማጥናት ይችላል፤ አውሮፕላን ገብቶ፣ ተፈታትቶ፣ መለዋወጫው ወደ ውጭ ሲወጣ ቀረጡ እንዴት ይታያል? ከአንድ አውሮፕላን በሺህ የሚቆጠር ዕቃ ይወጣል፤ እያንዳንዱ በጉምሩክ ወረፋ ከጠበቀ ሥራው ከመጀመሩ ይሞታል። የሚቀረው አልሙኒየምም የራሱ መንገድ ይፈልጋል። እንደ 787 እና ኤ350 ያሉት ከካርቦን ፋይበር የተሠሩ አዳዲሶቹ ደግሞ እንደ አልሙኒየም ቀልጠው አይሸጡም፤ አንድ ቀን እነሱም ያረጃሉና ከወዲሁ ይታሰብበት።

ሬስቶራንቱን በሚመለከት ብዙ አልልም። የድሮው የጋና አየር መንገድ ዲሲ-10 አክራ ኤርፖርት አጠገብ ለዓመታት ምግብ ቤት ሆኖ ነበር። ሐሳቡ አዲስም መጥፎም አይደለም። በራሱ ገንዘብ የሚያደርግ የግል ባለሀብት ካለ ይሁንለት፤ እኔም ሄጄ ቁርስ እበላለሁ። የአስተዳደሩ ገንዘብ ግን አይግባበት።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ማንም ሰው ያገለገለ ትልቅ አውሮፕላን አመጣለሁ ብሎ መሬት ወይም ዋስትና ሲጠይቃችሁ፣ የገዥውን ስምና የተፈረመ ውል አሳየኝ በሉት። «ገዥ አይጠፋም» ካለ ስብሰባው እዚያ ላይ ያብቃ። የማቆሚያና የመጠበቂያ ወጪውን የሁለት ዓመት አስቀድሞ ባንክ ያስይዝ፤ አውሮፕላኑን ጥሎ ቢጠፋ ለማስነሻ የሚሆነውንም ጨምሮ። የአውሮፕላኑን መዝገብ ሙሉውን፣ ከፋብሪካ እስከ ዛሬ፣ ከአውሮፕላኑ በፊት ያምጣ። መዝገቡን የሚያነብ ሰው ከሌላችሁ እኔ አለሁ። እንደኔ ከገልፍ የተመለሱ፣ ይህን ሥራ የሚያውቁ ሌሎች የድሬ ልጆችም አሉ። ጠርታችሁ አወያዩን። ክፍያ አንጠይቅም።

ከሰላምታ ጋር
የከዚራ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን
ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ